ከፈተናው በፊት የገባ ማመልከቻ

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ ግቢያችን ውስጥ የማውቃቸው አገልግሎቶች ሦስት ነበሩ። ካፌ፣ ዶርም፣ ክሊኒክ። ክሊኒኩንም የማውቀው በፓራሲታሞሉ ነው። ራስ ምታት፣ ፓራሲታሞል። ሆድ ቁርጠት፣ ፓራሲታሞል። ኳስ ሜዳ ላይ እግሩ ለታጠፈም ያው ፓራሲታሞል። ይሄ ቀልድ በየትኛውም የአገራችን ግቢ ይሠራል።

የወልድያ አካባቢ ልጅ ነኝ። በ2012 ምደባው ወደ ደቡብ ወሰደኝ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ወደ ቤት ተመለስን። ካሌንደሩም ተዛባ። ስለዚህ በ2014 መጀመሪያ ላይ ገና የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ።

ነሐሴ 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። ባንክም ተዘጋ። ክረምቱን ግቢ ስለነበርኩ እኔ ደህና ነኝ። እናቴ ግን የት ናት? አባቴስ? ትንሹ ወንድሜስ? በቀን ሃያ ጊዜ እደውላለሁ። የቴሌዋ ሴትዮ ያንኑ ትደግምልኛለች። ወር በወር ትላክልኝ የነበረችው 500 ብርም አብራ ቀረች። ለሰው ብር ጠፋብኝ ማለት ደግሞ በዚያ ሰዓት ያሳፍራል። ቤተሰቡ በሕይወት ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ስለ ሳሙና ያወራል? ግን ሳሙና ያልቃል። ሞዴስ ያልቃል። ሃንድአውት ፎቶኮፒ ማድረግ ብር ይፈልጋል።

ለማንም አልተናገርኩም። የዶርሜ ልጆች ሲጠይቁኝ «ደህና ናቸው» እላለሁ። ማታ አልተኛም፤ ቀን ክላስ ሰዓት ላይ እተኛለሁ። ሁለት ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) አመለጠኝ። አንዱን እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ለሁለተኛው እስከ ፈተናው ክፍል በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ እስከዛሬ በቅጡ ማስረዳት አልችልም።

ክሊኒክ የሄድኩት ራሴን አሞኝ ነው። ፓራሲታሞሌን ተቀብዬ ልወጣ ስል ሲስተር አስቆመችኝ። «ቆይ እስቲ፣ በደንብ የተኛሽው መቼ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አለቀስኩ። ብዙ አልተናገረችም። ካርዴ ላይ ጻፈች፣ ቀኑን አደረገችበት፣ የምክር አገልግሎት ቢሮ እንድሄድም ላከችኝ። ያቺ ቀን ምን ያህል እንደምትጠቅመኝ ያኔ አላወቅኩም።

የምክር አገልግሎት ቢሮው ከተማሪዎች ዲን ቢሮ አጠገብ ነው። መታወቂያው የጠፋበትም፣ ዶርም መቀየር የፈለገውም፣ የተጣላውም እዚያው ኮሪደር ላይ ይሰለፋል። ይሄ ነገር አሁንም ያናድደኛል። ሰው ተደብቆ ሊያለቅስ የሚሄድበትን ክፍል አደባባይ ላይ ምን ያስከፍተዋል? ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሼ የባቻችን ልጆች ስላየሁ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቢሮው ዝግ ነበር። አማካሪው የሳይኮሎጂ መምህር ስለሆነ እዚያ የሚቀመጠው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ገባሁ።

የጠበቅኩት ምክር ነበር። «አይዞሽ፣ በርቺ» የሚባለውን። እሱ ግን ዝም ብሎ ሰማኝና «ይህን ነገር ትምህርት ክፍልሽ ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም። «ዲኑ?» አያውቅም። «ፕሮክተሯ?» (የዶርም ተቆጣጣሪያችን ናት) ኧረ ማንም አያውቅም። «እንግዲያው እንደነሱ ከሆነ አንቺ ክላስ የምትቀጪ ሰነፍ ተማሪ ነሽ» አለኝ። ደነገጥኩ። ግን እውነቱን ነው። ወረቀት ላይ የሌለ መከራ ሬጅስትራር አያውቀውም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዊዝድሮው ማድረግ፣ ማለትም ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጦ መውጣት ነበር። እንዲያውም ፎርሙን ይዤ ነው የሄድኩት። እሱ ነው ያስቆመኝ። ዊዝድሮዋል ማለት ክሊራንስ ማለት ነው። የላይብረሪ መጽሐፍ መልሰሽ፣ ፍራሽ አስረክበሽ፣ ሚል ካርድና መታወቂያ ሰጥተሽ ከግቢ መውጣት ነው። ወጥቼ የት ልሄድ? ወልድያ መንገድ ዝግ ነው። ለታመመና ቤቱ ለሚጠብቀው ሰው ዊዝድሮዋል ጥሩ ነገር ነው። ለእኔ ግን አልጋና እንጀራ የሚያሳጣ ነበር። ሲኒየሮች ሁሉ «ዊዝድሮው ሙይ፣ ይሻልሻል» ሲሉኝ ይህቺን አልነገሩኝም።

ለእኔ የሚሆነው ሌላ ነበር። ላመለጡኝ ሚዶች ሜካፕ (ማካካሻ ፈተና) መጠየቅ፣ ካልሆነም ኮርሱን ድሮፕ ማድረግ፣ ማለትም ለዚያ ሴሚስተር መተው። የድሮፕ ጊዜው ሊያልፍ የቀረው አራት ቀን ነው።

ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። ስለ እናቴ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ሌሊቱ። አማካሪው አነበበውና «ልብ ይነካል። ግን ምንድነው የጠየቅሽው?» አለኝ። ደግሜ ፈለግኩት። ለካ ምንም አልጠየቅኩም! እንደገና ጻፍነው። ግማሽ ገጽ ሆነ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ትምህርት ክፍል፣ ምን እንደደረሰብኝ በሦስት መስመር፣ የትኞቹ ፈተናዎች በየትኛው ቀን እንዳመለጡኝ፣ ምን እንዲደረግልኝ እንደምጠይቅ። የክሊኒኩ ወረቀትና የእሱ ደብዳቤ ተያያዘ። ከዚያ በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ወሰድኩት። አንዱ ገቢ ሆነ። በእኔ እጅ የቀረው ላይ ቁጥርና ቀን አስመታሁበት። ይህን ያስተማረኝም እሱ ነው። «ሰው ይረሳል፣ ገቢ ቁጥር ግን አይረሳም» ይል ነበር። በኋላ የመጀመሪያው ወረቀት ከትምህርት ክፍሉ ሲጠፋ (ጠፍቷል እኮ!) እጄ ላይ ያለው ኮፒ አዳነኝ።

አንዱ መምህር ሜካፕ ፈቀደ። ሌላው እምቢ አለ። «ለአንቺ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው» አለ። ተለማመጥኩ፣ አልሆነም። ስለዚህ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግን ድሮፕ አድርጌ በሚቀጥለው ዓመት ከታች ካሉት ልጆች ጋር ወሰድኩት። አንድ ሁለት ቀን ያሳፍራል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ከእኔ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፣ ሌላ ትምህርት ክፍል። ችግሩ ከእኔ የባሰ እንጂ ያነሰ አልነበረም። እሱ ዝም አለ። ፋይናል ሲደርስ ግማሹን ሳይፈተን ቀረ። ውጤት ተለጥፎ ኤፍ ሲደረደር ነው ዲን ጋ የሄደው። የጻፈውን አሳይቶኛል። ከእኔ የተሻለ ነው። ግን ከፈተናው በኋላ የገባ ነው። ከፈተናው በፊት የነገርካቸው ምክንያት ይባላል፤ ከውጤት በኋላ የምትነግራቸው ሰበብ ይባላል። ተባረረ። ሪአድሚሽን አግኝቶ የተመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። ይህን ልጅ ሳስብ ፍትሐዊ ነው ማለት አልችልም። ወልድያ መዘጋቷን ግቢው ውስጥ የማያውቅ ማን ነበር? ስም ዝርዝር አውጥቶ «እናንተ እንዴት ናችሁ?» ማለት ምን ያህል ሥራ ነው?

ገንዘቡን በተመለከተ አማካሪው የሥርዓተ ጾታ ቢሮ ላከኝ። እኛ ጀንደር ነው የምንለው። እኔ ስለዚያ ቢሮ የማውቀው ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት እንደሚያድል ብቻ ነው። ለካ አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች ሳሙናና ሞዴስ ይሰጣል፣ ለጥቂቶችም ወር በወር ትንሽ የኪስ ገንዘብ። መስፈርቱ ግን አሳቀኝም አስለቀሰኝም። ከቀበሌ የድህነት ማረጋገጫ ደብዳቤ አምጪ! የእኔ ቀበሌ ጦርነት ውስጥ ነው። ቢሮው ውስጥ የነበረችው እህት ግን ደህና ሰው ናት። «እስቲ የሚያውቁሽ ሰዎች አምጪ» አለችኝ። ሁለት የዶርሜ ልጆችና ፕሮክተራችን መሰከሩልኝ። ፕሮክተሯን ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላት። እማማ ስትፈርም «ይሄን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ እየኖርሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ስታፈላ ትጠራኝ ነበር። የእማማ ቡና በየትኛውም የግቢ መመሪያ ላይ የለም።

በወር 200 ብር ተሰጠኝ። ቀላል አይምሰላችሁ። ያኔ 200 ብር ወር ያቆያል። መጀመሪያ ልመና መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህን ለአማካሪው ስነግረው ሳቀ። «የወጪ መጋራት ውል ፈርመሽ የለም እንዴ? ካፌውም ዶርሙም ቢሆን በነጻ መስሎሻል?» አለኝ። እውነትም አሁን ሥራ ይዤ ከደመወዜ ይቆረጣል። በነገራችን ላይ ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው የምግብ በጀት 22 ብር ነበር፤ በኋላ ወደ 100 ብር አድጓል። በ22 ብር በቀን ሦስት ጊዜ ምን ዓይነት ሽሮ እንደሚበላ የቀመሰው ያውቀዋል።

ታኅሣሥ 2014 ላይ ስልክ ተመለሰ። ላይብረሪ ነበርኩ። የእናቴን ስም ስክሪኑ ላይ ሳይ ስልኩን ማንሳት አቃተኝ፣ እየሮጥኩ ወጣሁ። ሁሉም ደህና ነበሩ። በሬዎቹና እህሉ ግን የሉም።

ሌሎቹን አገልግሎቶች ያወቅኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ጀንደር ለሴቶች የሚያዘጋጀው ቲዩቶሪያል ለሒሳብና ለስታቲስቲክስ ጥሩ ነው፣ አስጠኚዎቹ የሰቀሉ ሲኒየሮች ስለሆኑ መምህር የማይነግራችሁን አቋራጭ ይነግሯችኋል። ለንባብ ኮርሶች ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ችከላ (ቁጭ ብሎ መሸምደድ) ይሻላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እንዳለ ጠይቁ። የመውጫ ፈተና በ2015 ሲመጣ ትምህርት ክፍላችን ክለሳ አዘጋጅቶልን ነበር። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ገብቼ ተከታተልኩ፣ ጠቅሞኛል።

የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ቢሮውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚያነብ ሰው ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃንድአውት እያነበብኩ በስልክ እቀዳለሁ። የምቀዳላት ልጅ የሕግ ተማሪ ናት። «ነጠላ ሰረዝ ላይ አትተንፍሺ፣ አራት ነጥብ ላይ ተንፍሺ» እያለች ታርመኛለች። በሁሉም ቢሮ መግቢያና መውጫዋን የምታውቅ፣ ማመልከቻ በቃሏ የምታጽፍ ልጅ ነበረች። ግቢው ውስጥ ምን መብት እንዳለ ከተማሪዎች ኅብረቱ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር። መጀመሪያ ቀን እሷን ባገኛት ኖሮ እላለሁ።

ወንድሜ ዘንድሮ ተመድቦ ሄደ። ሻንጣውን አብሬው አዘጋጀሁ። አንድ ክላሰር ውስጥ ስምንት ጉርድ ፎቶ፣ የትራንስክሪፕት ኮፒ፣ ባዶ ወረቀትና ከቀበሌ ያወጣሁለትን ደብዳቤ በአምስት ኮፒ ከተትኩ። ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ ተቀየረ። «ደሀ ነው ብለሽ አጻፍሽብኝ? እኔ ደሀ አይደለሁም» ብሎ አወጣው። አልተከራከርኩትም። ታክሲ ሊጠራ ሲወጣ መልሼ ከተትኩት፣ ከጋቢው ሥር።