ሐምሌ በስዊፍት ከረንት

አባባ እሁድ እሁድ ይደውላሉ። ኢተያ ሲመሽ እዚህ ገና ማለዳ ነው። ጤና ተጠያይቀን ሳንጨርስ ጥያቄያቸው ይመጣል። «ዘነበላችሁ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሲ ላይ ስንዴና ገብስ ሲያመርቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሐምሌ ማለት ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ የማይደርቅ ጋቢ ነው። ልጃቸው በሐምሌ ወደ ሰማይ አንጋጦ ዝናብ የሚለምንበት አገር መኖሩን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። እሳቸው ስንዴ በሚዘሩበት ሳምንት የእኛ ስንዴ ዛላውን አውጥቷል። ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ መቼ ሊጠጣ ነው?» አሉኝ። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁኝ ያን ቀን ነው።

የምኖረው በካናዳ ሜዳማ ምድር፣ በደቡብ ምዕራብ ሳስካችዋን ነው። መጀመሪያ አልበርታ ውስጥ ብሩክስ ከተማ፣ ሥጋ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠራሁ። ብሩክስ ሐበሻ ብዙ ነው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ ከብቶቹ መጣሁ። ከስዊፍት ከረንት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቤተሰብ እርሻ ስሠራ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ስንዴ፣ ምስር፣ ካኖላና ገብስ እንዘራለን። ወደ 160 የሚሆኑ እናት ላሞችም አሉን። ካኖላ ለማታውቁት፣ የእኛ ጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ ነው። ሲያብብ ሜዳው በሙሉ የአደይ አበባ ይመስላል።

መዝገበ ቃላት ሰመርን፣ የእዚህን ሞቃት ወቅት፣ «በጋ» ይለዋል። እኔ እንደዚያ ማለት ይከብደኛል። ፀሐዩ የበጋ ነው፣ ሥራው ግን የክረምት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው፣ በረዶው ተቆጥሮ እንኳ፣ 350 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የግንቦቱ ውርጭ ከለቀቀ እስከ መስከረሙ ውርጭ ድረስ ያለን ጊዜ ከአራት ወር አይሞላም። በዚያ ውስጥ መብቀል፣ ማበብ፣ ፍሬ መቋጠርና መድረቅ አለ። ቀኑ በጁን ወደ 16 ሰዓት ይረዝማልና ሰብሉ ይሮጣል። እየሮጠ ሳለ አንድ መጥፎ ሳምንት ካገኘው ግን ለማገገም ጊዜ የለውም።

በ1857 የእንግሊዝ ጉዞ መርቶ የመጣው ጆን ፓሊሰር ይህን አካባቢ አይቶ ለእርሻ አይሆንም ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ የፓሊሰር ሦስት ማዕዘን ይባላል። የአሠሪዬ አያት ግን እዚሁ አርሰው ልጅ አሳደጉ። የ1930ዎቹን ድርቅም እዚሁ አለፉት።

የ2021ን ሰመር ልንገራችሁ። በእኛ አቆጣጠር የ2013 ሰኔ ማለቂያ ነው። በስተ ምዕራብ፣ ከሮኪ ተራራዎች ባሻገር፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሊተን በምትባል መንደር ጁን 29 ቀን ሙቀቱ 49.6 ዲግሪ ደረሰ። በማግስቱ መንደሯ በእሳት ወደመች። ያ ሐሩር ከዚያ ወደ እኛ ተሻገረ። እኛ ጋ ያን ያህል አልወጣም። ግን ከ35 በላይ ሆኖ ቀናት ተደራረቡ፤ መሬቱም ቀድሞ ደርቆ ነበር። ካኖላው ደግሞ አበባ ላይ ነበር። ሰኔና ሰኞ ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ማሳው ውስጥ ገብቼ አንድ የካኖላ ዘንግ ቆረጥኩና በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ከታች በኩል ያሉት ሙቀቱ ሳይመጣ ያበቡት ናቸው። እንደ ቀጭን ፎሶልያ ረዝመው ዘር ቋጥረዋል። ከእነሱ በላይ አንድ ስንዝር የሚያህል ራቁት ቦታ አለ። ብዙ ቀጫጭን ጉቶዎች ቆመዋል፣ ጫፋቸው ላይ ግን ምንም የለም። አበባ ነበሩ፣ ጨንግፈዋል። ከዚያ በላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ጥቂት ቢጫ አበቦች አሁንም ንብ ይጠራሉ። ጉቶዎቹን ቆጠርኳቸው። አሥራ ዘጠኝ። ካኖላ አበባ ላይ ሳለ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ፣ ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ፣ አበባውን ይጥላል። ይህን በወሬ አውቀው ነበር። በእጄ ይዤ ስቆጥረው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ስንዴው በሌላ መንገድ ተጎዳ። ስንዴ ገና ልጅ ሳለ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ውሃ ሲያጣ ቅርንጫፎቹን እየተወ ዋናውን ግንድ ብቻ ያሳድጋል። ብልህ ተክል ነው። የቀረው ዛላ ግን አጭር ሆነ። ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ሙቀቱ ስለቀጠለ ዘሩም ቀጭንና የተጨማደደ ወጣ። ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነበር። ግን የጎተራው ወለል እንኳ በደንብ ሳይሸፈን ፕሮቲን ምን ያደርጋል?

ከሁሉም የተሻለው ምስሩ ነበር። ምስር መጠነኛ ድርቅ ይወዳል። እንዲያውም ዝናብ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ይታመማል፣ ማበቡንም አያቆምም። ስንዴም ቢሆን ሲያብብ ከረጠበ ዛላው ሻጋታ ይይዘዋል። ስለዚህ አባባ «ዘነበ?» ሲሉኝ አዎ ወይም አይ ብዬ ልመልስላቸው አልችልም። በየትኛው ሳምንት ነው የዘነበው? የትኛው ማሳ ላይ? የትኛው ሰብል ምን ላይ ደርሶ?

ከብቶቹ ግን አበባ አይደሉምና በዓይናቸው ያናግሩሃል። ብዙዎቹ ጥቁር ናቸው። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ ይስባል። በዚያ ላይ ላም በሆዷ ምድጃ ይዛ ነው የምትዞረው። የበላችው ሣር ሲብላላ ሙቀት ያወጣል፣ ብዙው የሚወጣውም ከበላች ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው። ማለዳ የበላችው ልክ በቀትር ይደርስባታል። ላብ ብዙም አታወጣም፤ የምትበርደው በትንፋሽ ነው። አንዷን ቆሜ ሰዓት ይዤ ቆጠርኳት። በደቂቃ ከ100 በላይ ተነፈሰች። አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ለሃጯ እስከ መሬት ወርዶ ነበር።

ከብት የሚያድነው ሌሊቱ ነው። ቀኑ 35 ሆኖ ሌሊቱ ወደ 13 ከወረደ፣ በቀን የተጠራቀመውን ሙቀት አውጥተው ያድራሉ። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ነው የሚያስፈራው፣ የትናንቱ በዛሬው ላይ ይደመራል። እኔ በዚያ ሰመር የቀኑን ሙቀት ማየት ትቼ የሌሊቱን ብቻ ነበር የማየው። ከብት ማንቀሳቀስ ካለብን ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረን ፀሐይ ሳትበረታ እንጨርሳለን። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካቸውም።

የውሃውን ነገር ደግሞ በዝርዝር መናገር አለብኝ። እዚህ ከብት የሚጠጣው በየግጦሹ ከተቆፈረ ኩሬ ነው። ብዙዎቹ ከ1930ዎቹ ድርቅ በኋላ የተቆፈሩ ናቸው። በፀደይ የቀለጠ በረዶ ይሞላቸዋል፣ ሰመሩን ሙሉ ይተናሉ። ውሃው ሲቀንስ ውስጡ ያለው ጨው አይቀንስም። ጥጃ የምታጠባ ላም በሐሩር ቀን 70 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ሲሞቅ የበለጠ ትጠጣለች፣ የበለጠ በጠጣች ቁጥር የበለጠ ጨው ትወስዳለች። በ2017 ጁላይ፣ ከእኛ ሩቅ ባልሆነው በሻምሮክ አካባቢ፣ በአንድ የጋራ ግጦሽ ላይ 200 የሚሆኑ ከብቶች ሞቱ። ምክንያቱ የውሃ ጥምና የኩሬው ጨው ነበር። ያን ዜና የሰማ ባለ ከብት ሁሉ አልረሳውም። አሠሪዬ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምታህል የጨው መለኪያ ከኪሱ አትጠፋም።

በ2021 ጁላይ አጋማሽ ላይ የምሥራቁ ኩሬ ዳር ዳሩ ነጭ ሆነ። እንደ አሞሌ። መለኪያዋን ነከርናት፣ አሠሪዬ ቁጥሩን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ያኑ ቀን አጥሩን ዘጋን። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ በቦቴ ውሃ እያመላለስኩ ገንዳ ሞላሁ። ከብቶቹ የመኪናውን ድምፅ ለይተው አወቁት። ከሩቅ ሲሰሙት ጥጆቹ እየቀደሙ ይሮጡ ነበር።

ሣሩ አለቀ። ድርቆሽ የምናጭድበት ሜዳ ከወትሮው ሩቡን ሰጠን። ገብሱ ደግሞ ከጉልበቴ በታች ቀርቶ ዛላው ከቅጠሉ ውስጥ በቅጡ ሳይወጣ ደረቀ። ኮምባይነር ቢገባበት ነዳጁን አይመልስም። አንድ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አሠሪዬ እንዲህ አለ፦ «እህል አይሆንም። መኖ ይሁን።» ክፍለ ሀገሩም በዚያ ሰመር የሰብል ኢንሹራንሱን ደንብ አላልቶ፣ ገበሬው የከሰረውን ሰብል ለከብት እንዲያደርገው መንገድ ከፍቶ ነበር። እህል ያልሆነው ገብስ ላሞቹን ሊያከርም ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ውሳኔ ደስ ይለኛል። ሰብልና ከብት አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው ለዚህ ነው።

ግን እሱም የራሱ አደጋ አለው። ውሃ የተጠማ ገብስ በግንዱ ውስጥ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያጠራቅማል፤ ከብት ይገድላል። ለማጨድ ባሰብን ዋዜማ ማታ 8 ሚሊ ሜትር ዘነበ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሠሪዬ ግን ማሽኑን አቆመ። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ተክሉ ባንድ ጊዜ ናይትሬቱን ከመሬት ይስባል፣ ስለዚህ ከሳምንት በላይ መጠበቅ አለብን አለኝ። ጠበቅን። ናሙና ቆርጠን ላብራቶሪ ላክን፣ ውጤቱ ደህና ሲመጣ አጨድን።

መኖው ተቆጥሮ ለስንት ከብት እንደሚበቃ ታወቀ። አርባ ሁለት ላሞች መሸጥ ነበረባቸው። ከእነሱ አንዷ ቦቃ ናት። እዚህ ከብት ስም የለውም፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ነው ያለው። የእሷ 214 ነበር። ግንባሯ ነጭ ስለሆነ እኔ ቦቃ እላታለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ በማርች ውሽንፍር፣ በእጄ ጎትቼ ያወለድኳት ጥጃ ናት። በ2021 ግን ሳታረግዝ ቀርታ ነበር። ሙቀት ሲበዛ ኮርማውም ላሟም ይደክማሉ። ያልረገዘች ላም ደግሞ በድርቅ ዓመት አትቀርም። ወደ መኪናው ሌሎቹን ስንነዳ እሷ መገፋት አላስፈለጋትም፤ ድምፄን ተከትላ ወጣች። ለአባባ ይህን ስነግራቸው «እኛም በክፉ ዘመን ሸጠናል ልጄ» ብቻ አሉኝ።

በኦገስት ማለቂያ ዘነበ። ጥሩ ዝናብ፣ ሌሊቱን ሙሉ የወረደ። የተቃጠለው ካኖላ ከታች እንደገና አረንጓዴ አወጣ፣ አዲስ አበባም አበበ። ውርጭ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። መንገድ ዳር ቆመን አየነው። ማንም ምንም አልተናገረም።

ዘንድሮ እስካሁን ደህና ነን። የክፍለ ሀገሩ የሰብል ሪፖርት በየሳምንቱ ሐሙስ ሲወጣ መጀመሪያ የማነበው የእኛን ወረዳ የአፈር እርጥበት ነው። «በቂ» የሚለው ቁጥር ከፍ ብሏል። ፌንጣ አለ፣ ግን ዳር ዳር ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ማታ ልባችን ለሁለት ተከፈለ። ድርቆሹ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ሁለት ደረቅ ቀን ቢያገኝ ይጠቀለላል፣ ከረጠበ ይጠቁራል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ካኖላ ደግሞ ማበብ ጀምሯል፣ ውሃ ይፈልጋል። ከምዕራብ ደመና መጣ። ሆዱ አረንጓዴ መስሎ ነበር፣ ያ ቀለም የበረዶ ነው ይላሉ። የአሠሪዬ እናት ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። በረንዳ ላይ ወጥተው ቆሙ። «ድርቆሹን ይውሰደው፣ በረዶውን ብቻ ይያዝልን» አሉ።

በረዶው በስተ ሰሜን አለፈ። እኛ ጋ ዝናብ ብቻ ጣለ። ጠዋት በቦቲ ጫማዬ ወጥቼ አጥሩ ላይ የታሰረችውን የዝናብ መለኪያ አየሁ። 19 ሚሊ ሜትር። ድርቆሹ ከላይ ጠቁሯል፣ ስገለብጠው ከሥሩ ገና አረንጓዴ ነው። ካኖላው ቅጠል ላይ ጠብታዎቹ አልደረቁም ነበር።

እሁድ ነበር። ስልኬ ጮኸ።

«ዘነበላችሁ?»

«ዘነበ አባባ። አበባው ላይ ደረሰልን።»

«ተመስገን» አሉ። «እኛ ነገ ልንዘራ ነው።»