ስፕሬይ፣ ስፕሪንክል፣ ኮቨር፦ የቱ ስም ይቅደም?

ስፕሬይ (መርጨት)፣ ስፕሪንክል (መነስነስ)፣ ስፕላሽ (ውሃ መርጨት)፣ ስሚር (መለቅለቅ) እና ስፕሬድ (መቀባት) የተባሉት የእንግሊዝኛ ግሶች ሁለት አገባብ ይቀበላሉ። «ስፕሬይ ፔይንት ኦን ዘ ዎል» ማለትም፣ «ስፕሬይ ዘ ዎል ዊዝ ፔይንት» ማለትም ይቻላል። ግን እኩል አይደሉም። በመጀመሪያው ቀለሙ ግድግዳው ላይ አርፏል፤ አንድ ጥግ ብቻ ቢነካም ያስኬዳል። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ግን ግድግዳው በሙሉ፣ ቢያንስ አብዛኛው፣ እንደተቀባ ይረዳል።

ኮቨር (መሸፈን)፣ ኮት (መለበጥ) እና ፊል (መሙላት) እንዲህ አይገለባበጡም። ከኋላቸው የሚፈልጉት የሚሸፈነውን ወይም የሚሞላውን ነው፦ «ኮቨር ዘ ቴብል ዊዝ ኤ ክሎዝ»። «ኮቨር ኤ ክሎዝ ኦን ዘ ቴብል» ስህተት ነው። ፖር (መቅዳት) እና ስፒል (መድፋት) ደግሞ በተቃራኒው ፈሳሹን ያስቀድማሉ፦ «ፖር ዋተር ኢንቱ ዘ ግላስ»። ብርጭቆውን ማስቀደም ከተፈለገ ፖርን ትቶ ፊልን መጠቀም ነው።

እኛን በጣም የሚያሳስተን ዊዝ ናት። በአማርኛ «ዳቦውን ቅቤ ቀባው» ስንል ምንም መስተዋድድ አያስፈልገንም፤ ስለዚህ «ስፕሬድ ዘ ብሬድ በተር» ብለን እናርፈዋለን። «ስፕሬድ ዘ ብሬድ ዊዝ በተር» ወይም «ስፕሬድ በተር ኦን ዘ ብሬድ» መሆን አለበት። የስፕሬድ ኃላፊ ጊዜም ያው ስፕሬድ ነው፤ «ስፕሬድድ» የሚባል ነገር የለም።

የግሱ ምርጫ በሚነሰነሰው ነገር ይወሰናል፦ ለዱቄትና ለጠብታ ስፕሪንክል፣ ለየብቻው ለሚበተን ዘር ወይም ወረቀት ስካተር፣ ለሚያጣብቅ ወይም ለቅባት ስሚር። ስትሩ (መበተን) ይበልጡን የጽሑፍ ቃል ነው፤ የሚያጋጥመውም በአብዛኛው «ስትሩን ዊዝ» ተብሎ ነው።