የራስ ቅቤና የወጥ ቅቤ

"ለጋራዥ ምን አስከፈለኝ" ብዬ የቪትዜን የፊት ፍሬን ሸራ ራሴ ቀየርኩ። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ክሪክና ቁልፍ ይዤ። ጎረቤቱ ሁሉ እያየኝ።

ሸራው ያለ ችግር ገባ። ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨብጠው ብረት፣ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ግን ደርቀዋል። ቅባት ይፈልጋሉ። ቤት ያለው የኩሽኔታ ግራሶ ነው፣ ግማሽ ቆርቆሮ። "ግራሶ ያው ግራሶ ነው" አልኩና በጣቴ ዛቅ እያደረግሁ አጠገብኳቸው።

ወር ከምናምን ቆይቶ አማቴን ላመጣ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። አማቴ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንድ ባልዲ ቅቤ ጭናቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀመጡ። ደምበጫን እንዳለፍን መኪናዋ ወደ ግራ ትስበኝ ጀመር። ነዳጅ ብሰጣትም ትጎተታለች። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

"ልጄ፣ የሚያር ነገር አለ።"

"ቅቤው ይሆናል እማማ፣ ፀሐይ መትቶት።"

አዎ፣ ብያለሁ። አማቴ ባልዲውን ከፍተው አሸተቱ። ከዚያ በመስታወቱ አዩኝ። እስከ አማኑኤል አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አማኑኤል ላይ ወርጄ የግራውን ቸርኬ ውሃ ጠብ ባደርግበት "ቸስ!" አለ።

የጋራዡ ልጅ ጎማውን ፈትቶ ከፒኑ ጋር ትግል ገጠመ። በፒንሳ ሲጠመዝዝ ቆይቶ በመከራ ወጣለት። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ አብጣለች።

"ጋሼ፣ ምን ቀቡት?"

"ግራሶ።"

"የምን ግራሶ?"

ዝም አልኩ። አሽትቶ ደረሰበት።

የኩሽኔታ ግራሶ ከድፍድፍ ነዳጅ በሚወጣ ዘይት የተሠራ ነው አለኝ። የፍሬን ጎማ ያንን ሲጠጣ ያብጣል። ያኔ ፒኑ አይንሸራተትም፣ ሸራው ዲስኩን እንደጨበጠ ይቀራል። ለፒን ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ነው። የሸራው ጆሮ ከብረት ጋር የሚነካካበት ላይ ደግሞ ሌላ፣ መዳብ ወይም ሴራሚክ ያለበት፣ ስስ አድርጎ።

"የሸራው ፊትና ዲስኩስ?"

"እዚያማ ምንም! እዚያ ከቀቡ የሚያቆምዎት ግንብ ነው።"

"ለአንድ ፍሬን ይሄ ሁሉ ቅባት?" ብዬ ልከራከር ስል አማቴ ከኋላዬ ተናገሩ።

"ምኑ ይገርምሃል? የራስ ቅቤና የወጥ ቅቤ አንድ ነው እንዴ? ኮረሪማ የገባበትን አናትህን ብቀባህ ደስ ይልሃል?"

ልጁ ቁልፉን ጥሎ ሳቀ። የቀኙንም ፈትቶ አጽድቶ ቀባው፣ ያበጡትን ትንንሽ የፒን ጎማዎች ቀየረ። ዋጋውን የተደራደረው ከእሳቸው ጋር ነው። ደግነቱ አስቀነሱልኝ።

የተረፈውን ሲሊኮን ቤት ወስጄ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት አማቴ አንስተው አገላበጡት።

"ይሄኛው የራሱ ነው የወጡ?"