ቀለም በክረምት፦ የሱሉልታ ቆይታችን

ከቤተ ክርስቲያናችን ቡድን ጋር አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ሱሉልታ ወዳለች አንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሄድነው በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ ጊዜውን የወሰነው የልጆቻችን የትምህርት ዕረፍት እንጂ የአገሩ አየር አልነበረም። አየር መንገዱ ለአንድ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ስለሚፈቅድ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ደብተር፣ እርሳስና የልጆች ጫማ የታጨቀባቸውን ስምንት ሻንጣዎች ይዘን ነበር። ይህ ሁሉ መርካቶ እንደሚገኝ ባውቅም፣ በጉዞው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ማንሳቱ እምነት እንደማጣት ስለሚያስቆጥር ዝም አልሁ።

ከቦሌ በኮንትራት የወሰደን የሚኒባስ ሾፌር በ7,000 ብር ተስማምቶ ከተነሣ በኋላ፣ የጎጃምን መንገድ ይዞ የእንጦጦን ዳገት ሲያጋምስ ለሻንጣው ብቻ ሌላ 2,000 ጠየቀ። ዝናቡ ስለሚወርድና ልጆቹ ስላንቀላፉ ከፈልሁ፤ ንዴቱ ግን እስከ ማግሥቱ አልለቀቀኝም።

ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ብትጠቃለልም፣ ዳርዳሯ አሁንም ክረምት ሲገባ ውሃ የሚቋጥር የግጦሽ ሜዳ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት በእንግዳ ማረፊያው አልተኛንም፤ ብርድ ልብሱ እርጥበት ይዟል፣ ቆርቆሮው በዝናብ ይጮኻል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የፍልሰታ ሰዓታት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። በማግሥቱ ምሽት የማረፊያው ምግብ አብሳይ፣ ልጆቼ «እማማ» የሚሏቸው ጿሚ እናት፣ ሁለት ጋቢና ፍም የሞላበት ምድጃ ይዘው መጡ። «በሩን አትዝጉት፣ ስትተኙም ይውጣ» ብለው አስጠነቀቁን፤ ከዚያም ራሳቸው ተመልሰው አወጡት። ጋቢውን እስክንመለስ ድረስ አልተቀበሉንም።

ዋናው ሥራችን የሰንበት ትምህርት ክፍሎቹን ቀለም መቀባት ነበር። ሥራ አጥተው አጥር ሥር የቆሙ ሁለት የሰፈሩ ቀለም ቀቢዎች ለጥቂት ጊዜ ሲያዩን ቆይተው፣ አንደኛው «ጋሼ፣ ልስኑ ውሃ ጠጥቷል፤ መስከረም ሳይጠባ ቀለም አይዝም» አለኝ። ነገሩን ለቡድናችን መሪ ብነግረውም፣ ፎቶግራፉ በዚያው ሳምንት ለምእመናኑ መላክ እንዳለበት ገልጾ ቀጠልን። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ቋጠረ። ለአራት የአውሮፕላን ትኬት የከፈልነው ገንዘብ ለእነዚያ ሁለት ሰዎች የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን በልቤ ሳሰላ ብሩሹን አስቀመጥሁ።

ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች ከአጥቢያዋ የጤና ባለሙያዎች ጋር የደም ግፊት ስትለካ ሰነበተች፤ ከቡድናችን ሥራ በእውነት ያስፈለገው እርሱ ይመስለኛል። ልጆቹ ደግሞ ወተት ላይ ወደቁ። በጾም ወተት ገዢ ስለሚያጣ፣ ጎረቤታችን ያለው የላም ባለቤት ከጠየቅነው በላይ ይቀዳልን ነበር፤ አሜሪካ በካርቶን የምንገዛውን ልጄ ዛሬም አኩርፎ ነው የሚጠጣው።

በቡሄ ዋዜማ የቡድኑ አባላት ልጆቻችን ሆያ ሆዬ መውጣት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም በሚል አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ልጄ በዚያ መሐል ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወጥቶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተና የድርሻውን ሙልሙል በብብቱ ይዞ ተመለሰ። እኔም ክርክሩን ትቼ፣ በመስከረም ግድግዳውን ፍቀው እንደገና እንዲቀቡት ከሁለቱ ቀቢዎች ጋር ዋጋ ለመነጋገር ወጣሁ።