ውሃ ያልጠጣው በርኖስ

ልብስ መስፋት ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ቢሆንም፣ እንጀራዬ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እናቴ የመንዝ ሴት ናት፤ የበግ ጠጉር ፈትላ ለሸማኔ እየሰጠች ለአባቴ በርኖስ ስታሠራ እያየሁ አደግኩ። ደብረ ብርሃን መጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ በኋላም፣ ማታ ማታ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና መጀመሪያ የራሴን፣ ከዚያ የጓደኞቼን፣ ቀጥሎም የጎረቤቶቻቸውን ልብስ እሰፋ ነበር። ለእህቴ ልጅ ከበርኖስ ጨርቅ የሠራኋትን አንዲት ካፖርት ያዩ ሰዎች እየበዙ ትእዛዝ ሲያጣድፈኝ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ አውጥቼ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በርኖስ ሽማግሌዎች ብቻ የሚደርቡት ልብስ ሆኖ እንዳይቀር፣ ወጣቱ ለቢሮም ለሠርግም የሚለብሰው ካፖርትና ሰደርያ እንዲሆን እመኝ ነበር፤ ዛሬም እመኛለሁ።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ሰውነት ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ስለሚኮሰኩስ በዘመናዊ ቅርጽ ሲሰፋ ገበር ያስፈልገዋል። ቀለም ሳይነከር የበጉን ጥቁርና ቡናማ መልክ እንደያዘ መሸመኑ ግን ማንኛውም የፋብሪካ ጨርቅ የማይሰጠው ውበት ነው። ጨርቁን የሚሸምኑልኝ በከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውን ጥቅል ባመጡልኝ ቀን፣ ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ይህ ገና ከሽመና ዕቃው መውረዱ ነው። ለብ ያለ ውሃ አጠጪና አስረግጪው፤ ጠጉር ሳይረገጥ አይረጋም» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው፤ ግን አላደረግኩትም። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። ትእዛዙን የሰጠኝ ሙሽራ ለራሱና ለአምስት ሚዜዎቹ ስድስት አጫጭር ካፖርቶች አዝዞ ግማሹን ዋጋ በቀብድ ከፍሎኛል፤ ለጥር ሠርጉ የቀሩት ደግሞ 12 ቀናት ብቻ ነበሩ። ዋናው ምክንያት ግን ጊዜ አልነበረም። ጨርቅ ሲረገጥ ጠጉሩ ይበተንና ላዩን ይሸፍነዋል፤ የድሩና የማጉ መስመር ይደበዝዛል። እኔ ደግሞ ያንን መስመር ወድጄዋለሁ፤ በካፖርቱ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ በሐሳቤ ስዬ ጨርሻለሁ። ዓይኔ የወደደውን ውሃ እንዲወስድብኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ገበሩን አልብሼ ስድስቱንም ሰፋሁ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን መተኮስ ጀመርኩ። የጠጉር ጨርቅ በደረቅ ካውያ ስለማይተኮስ፣ በውሃ የራሰ አቡጀዲ በእጅጌው ላይ ዘርግቼ የጋለውን ካውያ አሳረፍኩበት። እንፋሎቱ ሲወጣ ጨርቁ ከእጄ ሥር ወደ ውስጥ ሲሳብ ተሰማኝ። አቡጀዲውን ገልጬ ሳየው የገበሩ ጫፍ ከእጅጌው አፍ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሜትሬን አንሥቼ ብለካው 62 ሴንቲ ሜትር የነበረው እጅጌ 58 ሆኗል። ካውያው ከመጠን በላይ ግሎ ይሆናል ብዬ ሙቀቱን ቀንሼ በሁለተኛው ካፖርት ላይ ሞከርኩ፤ እርሱም ገባ። ካውያውን ነቅዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ምሽት የመጣብኝን ፈተና መሸሸግ አልፈልግም። ያልተኮስኳቸው አራቱ ካፖርቶች እንደ ልካቸው ነበሩ፤ ሁለቱን በሆነ መንገድ ጠጋግኜ አራቱን እንዳሉ ባስረክብ፣ በሠርጉ ዕለት ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን የደብረ ብርሃን ክረምት የታወቀ ነው፤ ሐምሌ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኛቸው፣ ወይም አንዱ ሚዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲያጥበው፣ ጉዱ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ያን ጊዜ ሰው የሚለው «የእገሊት ስፌት መጥፎ ነው» ብቻ አይሆንም፤ «በርኖስ ለካፖርት አይሆንም» ይላል። የምወደውን ጨርቅ በራሴ ስሕተት ማስወቀስ ከኪሳራው ይልቅ አስጨነቀኝ።

በማግስቱ ማለዳ አንዱን ካፖርት ይዤ ወደ አዛውንቱ ዘንድ ሄድኩ። አልተቆጡኝም። እጅጌውን ገልብጠው አዩና፣ «አላጠጣሽውም» አሉ።

«አላጠጣሁትም፣ ጋሼ። መልኩ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው።»

«እንግዲህ ፈርተሽ የሸሸሽው ውሃ በካውያሽ በኩል መጣ። አሁን የቀሩትንም በእንፋሎት አስገቢያቸው፤ የሚገባው ሁሉ ይግባና ከዚያ በኋላ ያለውን ልክ ታውቂዋለሽ።»

ምክንያቱን ከዚያ ወዲህ ነው በሚገባ የተረዳሁት። ጨርቅ በሽመና ዕቃው ላይ ሳለ ድሩ ተወጥሮ ስለሚቆይ፣ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ዘና ብሎ ያጥራል፤ ይህ በጥጥም ላይ ይደርሳል። የበግ ጠጉር ግን ከዚህ ሌላ የራሱ ጠባይ አለው። እያንዳንዷ ጠጉር በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ሽፋኖች አሏት፤ ውሃ፣ ሙቀትና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ጨርቁም እየጠበበ ይወፍራል። አንዴ ከተያያዙ በኋላ ተጎትተው ወደ ቀድሞ ልካቸው አይመለሱም። በእግር መረገጡ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይፈጽመዋል፤ ጨርቁ መግባት የሚችለውን ያህል ከገባ በኋላ ብቻ መቀስ ይነካዋል ማለት ነው። በርኖስ ነፋስና ዝናብ የሚመክተውም በዚሁ ጥብቀቱ ነው። ለመልኩ ስል የተውኩት ሥራ በርኖስን በርኖስ የሚያደርገው ሥራ ነበር።

ሙሽራው ጋር ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና፣ ከፈለገ ቀብዱን ወዲያው እንደምመልስለት ገለጽኩለት። ከሰዓት በኋላ ከእናቱ ጋር መጣ። እናቱ ካፖርቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ጨርቁ ጥሩ ነው። እጅጌው ካጠረ ጥበብ ቀጥዪበት» አሉኝ።

«እማማ፣ ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረው።»

«ታዲያ ሌሊቱስ?»

ስድስቱንም ካፖርቶች ከገበራቸው ተርትሬ ለየኋቸው። ያልገቡትን በእርጥብ አቡጀዲ ደጋግሜ እየተኮስኩ፣ ልካቸው መለወጡን እስኪያቆም ድረስ አስገባኋቸው፤ ገበሩን በአዲሱ ልክ ቆርጬ፣ በየእጅጌው ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጥበብ ቅጣይ ሰፋሁ። ጥበቡንም ወደ ሥራ ከማስገባቴ በፊት በውሃ ነክሬ ቀለሙ እንደማይለቅና እንደማይገባ አረጋገጥኩ። ደረቱ ላይ አስቀድሜ የተውኩት ስፋት አምስቱን አዳነልኝ። ከሚዜዎቹ አንዱ ግን ደንዳና ስለነበር ቁልፉ አልያዘለትም፤ ከፍቶ ለበሰው። እኔ ያንን ካፖርት በፎቶግራፉ ላይ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያልተቆለፈው ቁልፍ ላይ ያርፋል። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ አልተቀበልኩም፤ ሙሽራው ቢለምነኝም አልተቀበልኩም።

ከሠርጉ በኋላ ሒሳቤን ስመረምር ሌላ ስሕተት አገኘሁ። ቤት ውስጥ ለደስታዬ በምሰፋበት ዘመን ጨርቅ የምቆጥረው በገዛሁት ልክ ነበር፤ ድካሜን ደግሞ ጭራሽ አልቆጥረውም። አንድ ሜትር በ500 ብር ሒሳብ 10 ሜትር ገዝቼ፣ ተረግጦ 9 ሜትር ከሆነ፣ አንዱ ሜትር በእውነት የሚያወጣው ከ555 ብር በላይ ነው። ሁለት ሜትር በሚፈጅ ካፖርት ላይ ከ110 ብር በላይ ሳላውቀው ከኪሴ ይወጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ አንድ ካፖርት 11 ሰዓት ያህል ሥራ እንደሚወስድብኝ የጻፍኩት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዋጋዬን ከፍ ሳደርግ የተወሰኑ ደንበኞች ቀሩ፤ በአሮጌው ዋጋ ግን ክፍሏን እንኳ መከራየት አልችልም ነበር።

አሁን ከእያንዳንዱ ጥቅል ጫፍ በአራቱም ጎን 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እወስዳለሁ። በለብ ያለ ውሃ አሽቼ፣ በጥላ አድርቄ፣ ተኩሼ እለካውና በደብተሬ ገጽ ላይ በመርፌ ወግቼ ከነልኩና ከነቀኑ አስቀምጠዋለሁ። ትእዛዝ የሚሰጠኝ ሰውም፣ ጨርቁ ተረግጦ እስኪደርቅ ድረስ ልብሱ የሚቆረጥበትን ቀን እንደማልናገር አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ቸኩሎ የሚሄድ ይሄዳል።

ትናንት ጠዋት ተረግጦ የመጣ አንድ ጥቅል ተቀበልኩ። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ቁራጭ 18 ተኩል ሆኖ ወጣ፤ ጥቅሉን አጥፌ ዳግመኛ እንዲረገጥ መልሼ ላክሁት።