ከማሽኑ በፊት ያለው ሰዓት

የአይጥ አንጎል ፕሮቲኖች ጥናት የሚበላሸው ማስ ስፔክትሮሜትሩ (የፕሮቲን ቁርጥራጮችን በክብደታቸው የሚለየው ማሽን) ላይ ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን አብዛኛው ነገር የሚወሰነው አንጎሉ ከራስ ቅሉ በወጣበት ሰዓት ነው እላለሁ።

ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፉና የሚያነሡ ኢንዛይሞች ከሞት በኋላም ሥራቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ለፎስፎሪሌሽን (ለፎስፌቱ መለጠፍ) ጥናት አንጎሉ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት። ሲናፕቶሶም (የነርቭ ሴሎች መገናኛ ጫፍ ተገንጥሎ የሚሆነውን ከረጢት) ለመለየት ግን ትኩስ መሆን አለበት፤ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው በረዶ ሽፋኑን ይቀደዋል። ግራውን ክፍል ለአንዱ፣ ቀኙን ለሌላው ማድረግ ይሻላል። ደሙ አስቀድሞ በልብ በኩል በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (የፎስፌት ጨው ውሃ) ካልታጠበ ደግሞ የደሙ ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ምልክታቸው ደካማ የሆኑ ፔፕታይዶችን (የፕሮቲን ቁርጥራጮችን) ይሸፍናል።

ትኩሱ ክፍል በ0.32 ሞላር ሱክሮስ (የስኳር ውሃ)፣ በበረዶ ላይ፣ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚገታ ተጨምሮበት፣ በመስታወትና በቴፍሎን መፍጫ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ቀስ ተብሎ ይፈጫል። በ1,000 እጥፍ የስበት ኃይል 10 ደቂቃ ሲሽከረከር ኒውክሊየስ ይዘቅጣል። ላይ የቀረው ፈሳሽ በ12,000 እጥፍ 15 ደቂቃ ሲዞር የሚዘቅጠውን ብዙዎች ሲናፕቶሶም ይሉታል። ይህን ስም ለመስጠት እጄ አይታዘዝም፤ ሚየሊኑም (የነርቭ ክር ቅባታማ ሽፋን) ማይቶኮንድሪያውም (የሴል ኃይል ማመንጫ) አብረው አሉ። በ0.8፣ በ1.0 እና በ1.2 ሞላር የሱክሮስ ንብርብር ላይ በ82,500 እጥፍ ለ2 ሰዓት ሲዞር ነው ሚየሊኑ ከላይ የሚቀረው፣ ማይቶኮንድሪያው የሚዘቅጠው፤ የምንፈልገው በ1.0 እና በ1.2 መካከል ነጣ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ፕሮቲኖቹን የሚፈታው 8 ሞላር ዩሪያ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዩሪያ ሲቆይ ወይም ከ37 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሳያኔት ይወጣዋል፤ ሳያኔቱ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ይጣበቃል፣ ፕሮቲኑን የምንቆርጥበት ኢንዛይም ትሪፕሲንም እዚያ ቦታ መቁረጥ ይሳነዋል። በዕለቱ የተበጠበጠ ብቻ ይሁን። ትሪፕሲን ከመጨመሩ በፊትም ዩሪያው ከ2 ሞላር በታች ይቅጠን፤ ያለዚያ ኢንዛይሙ ራሱ ይዳከማል። 1 ማይክሮግራም ትሪፕሲን ለ50 ማይክሮግራም ፕሮቲን፣ ሌሊቱን በ37 ዲግሪ።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የፕሮቲኖቹን ብዛት አይደለም። ጂኤፍኤፒ የተባለው ፕሮቲን ከበዛ አስትሮሳይት (የነርቭ ሴሎች ደጋፊ ሴል) ገብቷል፣ ኤምቢፒ ከበዛ ሚየሊን፣ ኬራቲን ከበዛ የእኛው ቆዳ። ቀጥሎ የነርቭ መገናኛው ፕሮቲኖች ፒኤስዲ-95 እና ሲናፕቶፊዚን ከመጀመሪያው ፍጭት ምን ያህል እንደጨመሩ አያለሁ። ለዚህም ከየደረጃው 20 ማይክሮሊትር ማስቀረት ግድ ነው፤ ያልተቀመጠውን በኋላ ማግኘት አይቻልም።