ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሠላሳ

ዛሬ ከለንደን ባቡር ይዤ ባዝ ከተማ ወረድኩ። የሄድኩት ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት ነበር። ቀኑን የወሰደብኝ ግን ሮያል ክሬሰንት የሚባለው የቤቶች ረድፍ ነው።

30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተያይዘው ቆመዋል። ከ1767 እስከ 1774 እ.ኤ.አ. ነው የተሠሩት። አርክቴክቱ ታናሹ ጆን ዉድ ነው። ከፊት 114 አምዶች ተደርድረዋል። ድንጋዩ ማር ማር የሚል ቀለም አለው። የዳሩን ቤት ጥግ በእጄ ዳሰስ አደረግኩት። ትንሽ ሸካራ ነው፣ የከሰዓቷን ፀሐይ ሙቀት ይዟል።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ጀርባው ነው። ዞሬ ሳየው ሌላ ሰፈር የገባሁ መሰለኝ! አንዱ ቤት ወጣ፣ ሌላው ገባ ብሏል። ጣሪያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ መስኮቱም እንደየፍላጎቱ ነው። ለካ ዉድ የነደፈው ፊቱን ነው! ገዢዎቹ ከፊቱ ግድግዳ የየድርሻቸውን ገዝተው፣ ከኋላ ያለውን ቤት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ባለሙያ አሠሩ። ይህን አሠራር በጣም ነው የወደድኩት። በመንገዱ በኩል ማንም ከጎረቤቱ በልጦ አይታይም። በጓሮ በኩል ደግሞ ሁሉም እንደ ቤተሰቡ ኖሯል።

በ1942 እ.ኤ.አ. የጀርመን ቦምብ ከቤቶቹ ሁለቱን ውስጣቸውን አቃጥሏቸው ነበር። ተጠግነው ወደ ረድፉ ተመልሰዋል። የትኞቹ እንደሆኑ በዓይኔ ፈልጌ ፈልጌ አልለየኋቸውም።

ከፊት ለፊት ያለው ሣር ላይ ቁጭ እንዳልኩ መሸ። ፌርፊልድን ለማየት በቅርቡ እመለሳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይጻፍልኝ።